ከዋርካው በስተጀርባ

ግንቦት 18፣ ሰኞ

ለባለቤቴ፣ ለልጄ እናት፣ አርባ አንድ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር አብራኝ ለኖረች የቤቴ እመቤት።

ይህን ደብተር የከፈትሁት ስለ ሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ጉልበትሽን ለመታከም ወደ ልጃችን ቤት ከሄድሽ ዛሬ ሠላሳ ስድስተኛ ቀንሽ ስለ ሆነ፣ በሌለሽበት በቤቱ የተሠራውን ሁሉ ስትመለሺ በሥርዓት ተጽፎ እንድታገኚው ነው። ሁለተኛው፣ በስልክ የምንነጋገረው ሁሉ ስለሚያጥርብኝ ነው። «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ።» «በላህ?» «በላሁ።» ከዚህ በኋላ የሚሰማኝ የልጃችን ቴሌቪዥን ብቻ ነው። እኔም እንደምታውቂው በጥድፊያ መናገር አልወድም፤ ሰው የሚናገረውን አስቀድሞ በልቡ ማረም አለበት።

የወሰንሁት ነገር ይህ ነው፦ ጓሮውን አቀናለሁ። ከዛፎቹ ጥላ ሥር ሰው አረፍ የሚልበት፣ ትንሽ ደን የሚመስል የአትክልት ቦታ አደርገዋለሁ። ይህን ከአንዴም ሦስት ጊዜ ጠይቀሽኛል። ሦስቱንም ጊዜ ጓሮ የዕቃ ማኖሪያ እንጂ መቀመጫ እንዳልሆነ በምክንያት አስረድቼሻለሁ። ምክንያቶቼ ዛሬም ትክክል ናቸው። ሆኖም አሁን ጊዜ አለኝ።

ግንቦት 21፣ ሐሙስ

ከማለዳ ጀምሬ ዕቃ ሳወጣ ዋልሁ። እግሩ የተሰበረ ቁም ሣጥን፣ ሦስት የዛገ ቆርቆሮ፣ የተቀደደ የውኃ በርሜል፣ ከማስተማር ሥራዬ በጡረታ ስሰናበት በክብር የተሰጠኝ ጥቁር ሰሌዳ። የሰሌዳው የታችኛው ጠርዝ በስብሷል። እሱን ብቻ መልሼ ወደ ቤት አስገባሁት።

ሁለቱ ዝግባዎችና ዋርካው ሰማዩን ስለ ዘጉት ጓሮው በቀትር እንኳ የምድር ቤት ያህል ጨለማ ነው። መሬቱ ግን ንጹሕ ነው፤ ይህን በኩራት እጽፋለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከወጥ ቤቱ በር እስከ ዋርካው ድረስ በየማለዳው አንዲት ቅጠል ሳላስቀር ጠርጌ አቃጥያለሁ። ዛሬ ዶማ ባነሣበት ዶማው ነጥሮ ተመለሰ። እንደ መማሪያ ክፍል ወለል ጠንክሯል።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «የኔታ፣ ሀብት ቀብረው ነበር እንዴ?» አለኝ።

«ሥራ ነው» አልሁት።

«እትዬ መቼ ነው የሚመለሱት?»

«ጉልበታቸው ሲድን።»

በጥርሱ የያዛትን መርፌ አወጣና አየኝ። ከዚያ፣ «እሱማ ጉልበት ይድናል» አለ። ምን ለማለት እንደ ፈለገ አልጠየቅሁትም።

ግንቦት 24፣ እሑድ

ልጃችን መጣች። መነጽርሽንና ሰማያዊውን ሹራብ ልትወስድ ነው። ሹራቡን ተዪው፣ ስትመለስ እዚህ ትለብሰዋለች አልኋት። «አባዬ፣ እዚያም ይበርዳታል እኮ» አለችኝ።

ኮሪደሩ ላይ ቆማ በስልክ ስታወራ ሰማሁ። የሰው ወሬ ማዳመጥ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግድግዳው ግን ስስ ነው። «አልነገርኩትም… አይ፣ አንቺው ንገሪው… ጓሮ እየቆፈረ ነው» አለች። ሳቀች፤ ወዲያውም ሳቋን ዋጠችው። የሚነገረኝ ነገር ምናልባት የሐኪሙ ውጤት ይሆናል። ጉልበት ቀላል ነገር አይደለም።

ስትወጣ፣ «ነሐሴ አሥራ ስምንት፣ እሑድ፣ እማዬ ትመጣለች» አለችኝ። ለመቆየት ነው ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም፤ አባት ልጁን እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቅም። እሷም ጫማዋን እያሰረች፣ «ቀሪ ልብሶቿን ትለያለች» ብላ ጨመረች።

ልብስ መለየት መልካም ነው። የክረምቱ ከበጋው ሊለይ ይገባዋል።

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

አሥራ ሁለት ጽጌረዳ ተከልሁ። ስድስት በቀኝ፣ ስድስት በግራ፣ በሲባጎ ተለክተው። ለእያንዳንዱ የተተከለበትን ቀን በእንጨት ላይ ጽፌ አቆምሁለት።

ልብስ ሰፊው፦ «የኔታ፣ ስም ሊጠሩ ነው? የቀረ አለ?»

«አበባም ሥርዓት ይወዳል።»

«ይወዳል? ጠይቀውታል?»

ልብስ ሰፊ መልስ አያጣም።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

ዝናብ። ጽጌረዳዎቹ አንገታቸውን ደፍተዋል። እንጨቶቹ ብቻ ቀጥ ብለው ቆመዋል።

ስልክ ደወልሁ፤ አልተነሣም።

ሰኔ 19፣ ሐሙስ

ዘጠኙ ሞቱ። ወደ ችግኝ ጣቢያው ሄድሁ። የጣቢያው ባለቤት ቦት ጫማ ያደረገች፣ ጠጉሯ ውስጥ እርሳስ የሰካች፣ ከልጃችን ጋር እኩያ የምትሆን ሴት ናት። በሽታቸውን አስረዳኋት።

«ፀሐይ ከየት ነው የሚያገኙት?» አለችኝ።

«ቦታው ጥላ ነው።»

«ጽጌረዳ ጥላ ውስጥ?» ብላ ወደ ሠራተኛዋ ዞረች። «ነይማ ስሚ፣ ጽጌረዳ ጨለማ ቤት ያሰሩ አባት መጥተዋል!»

ልወጣ ነበር። እሷ ግን ቀጠለች። «እሺ፣ የዛፎቹ ቅጠልስ የት ይሄዳል?»

«ጠርጌ አቃጥለዋለሁ።»

«በስንት ጊዜ?»

«በየቀኑ። ሠላሳ ዓመት።» ይህን ስናገር ደረቴን ነፍቼ እንደ ነበር አልክድም።

እጆቿን ወገቧ ላይ አደረገች። «አባባ፣ ቅጠሉ እኮ የመሬቱ እራት ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ገበታውን ከፊቱ እያነሡበት! እንዴት አልሰደበዎትም?»

«መሬት አይናገርም» አልኋት።

«ስላላስናገሩት ነዋ።»

ከክፍል ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ የተናገረኝ ሰው የለም። ተቆጣሁ። ቢሆንም እስከ መጨረሻው ቆሜ ሰማኋት፤ ዕውቀት ያለው ሰው ሲናገር ማቋረጥ ብልግና ነው። ያዘዘችኝም ይህ ነው፦ መጥረጊያውን ልተው፤ የበሰበሰ ቅጠል በመሬቱ ላይ በወፍራሙ ላልብስ፤ ጥላ የሚወዱትን ልትከል፤ እነርሱም ላባ የሚመስለው ፈርን፣ ጥሩምባ የሚመስለው ነጭ አበባ፣ በዛፍ እግር የሚሳበው ሐረግ ናቸው። «ደግሞ በሲባጎ እንዳይለኩ፤ ጫካ ሰልፍ አይወጣም» አለችኝ። ስለ መተላለፊያው ስጠይቃት፣ ድንጋይ ከመደርደሬ በፊት ሳምንት ሙሉ ሳላስብ በጓሮው እንድመላለስ ነገረችኝ። እግር የሚወደውን መንገድ ራሱ ያገኛል፤ ድንጋዩ የሚቀመጠው በኮቴው ላይ ነው።

ሰኔ 22፣ እሑድ

ዛሬ አልጠረግሁም።

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

ዛሬም አልጠረግሁም። እጄ መጥረጊያውን ሦስት ጊዜ አነሣው፣ ሦስት ጊዜ መለሰው። ረፋዱ ላይ ልብስ ሰፊው በሩን አንኳኳ። «የመጥረጊያ ድምፅ ስላጣሁ ነው፤ ታመሙ እንዴ?» አለኝ። ሠላሳ ዓመት ከእንቅልፉ የቀሰቅሰው እንደ ነበር ዛሬ ገና ነገረኝ። ለምን ዝም አልህ ስለው፣ «ብናገር ይሰሙኝ ነበር?» አለ።

ሐምሌ 1፣ ማክሰኞ

ደወልሁ። ልጃችን አነሣችው።

«እማዬ የለችም፤ ገበያ ወጥታለች።»

«በምን?»

«በእግሯ ነዋ። አሁን እኮ ደህና ናት፣ ደረጃውንም ሳትይዝ…» ንግግሯን ድንገት ገታችው።

ስለዚህ ጉልበትሽ ድኗል። ፈጣሪ ይመስገን። በጣም ደስ ብሎኛል። በጣም ደስ ብሎኛል ብዬ ጻፍሁና ብዕሬን እንደ ያዝሁ ብዙ ተቀመጥሁ።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

በልጃችን አዲስ ቤት የነበረውን የምሳ ግብዣ ዛሬ በትክክል ልጽፈው እወዳለሁ፤ ከሚያዝያ ጀምሮ ሰዎች ዙሪያውን እየዞሩ ስለማይጠሩት ነው።

አንቺ ለእንግዶቹ በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት የኪራይ ክፍላችን ጣሪያ ያፈሰሰበትን ቀን ታወጊ ነበር። ረቡዕ ነው አልሽ። ሐሙስ ነበረ፤ ተናገርሁ። ሁለት ወንበር ነበረን አልሽ። አንድ ወንበርና አንድ ሣጥን ነበረን፤ ተናገርሁ። እኔ ለመጻሕፍቴ ጃንጥላ እንደ ያዝሁላቸው ነገርሻቸው። የያዝሁት ላስቲክ ነበር፤ ይህንንም ተናገርሁ። አራተኛው እርማት ምን እንደ ነበር አሁን አላስታውስም። አንቺ ማንኪያሽን አስቀመጥሽና፣ «እሱ ይንገራችሁ» አልሽ። እኔም ነገርኋቸው፤ በቅደም ተከተሉ፣ አንድም ሳላዛባ። ማንም አልሳቀም። አየር ልቀበል ወጣሁ። በአራተኛው ቀን ጉልበትሽ ታመመ።

እውነት በትክክል ሊነገር ይገባዋል፤ ከዚህ ፈቀቅ አልልም። ቀኑ ሐሙስ ነበረ። ነገር ግን ዛሬ የበሰበሰ ቅጠል በመሬቱ ላይ ስበትን አንድ ነገር ልቤን ወጋኝ፦ ያ ወግ ወዴት እየሄደ እንደ ነበር አላውቅም። እኔ የማውቀው የጣሪያውን ነገር ነው። አንቺ ግን ስለ ጣሪያ ስታወሪ ፊትሽ እንደዚያ አይበራም።

ለልጃችን ደወልሁላት። «እናትሽ የጀመረችው ታሪክ መጨረሻው ምን ነበር?» አልኋት።

«አባዬ፣ አንተ ስትወጣ ጨረሰችው እኮ። ሁላችንም ሰማን።»

«እኮ ምን አለች?»

«ከሷ ስማው። እኔ ብነግርህ ታርመዋለህ።»

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

አራት ቀን በጓሮው ተመላለስሁ። የእኔ ኮቴ ምንም አላሳየኝም፤ ከበር እስከ አጥር እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሎ ሄዶ ቀጥ ብሎ ይመለሳል።

ዛሬ ጠዋት ግን ከዝናቡ በኋላ ውኃው በመሬቱ ላይ ሌላ መንገድ አሳየኝ። በዓመታት የተረገጠች ቀጭን መስመር ናት። ከወጥ ቤቱ በር ተነሥታ እስከ ልብስ ማስጫው ገመድ ትሄድና ከዚያ ታጥፋ ከዋርካው ጀርባ ትገባለች። ያንን ጠባብ ስፍራ ገና ወደዚህ ቤት ስንገባ፣ «እሱን ተወው፣ እኔ እጠርገዋለሁ» ብለሽ ከእኔ ተረክበሽ ነበር። በግንዱና በግንቡ መካከል ስለ ሆነ ሄጄበት አላውቅም።

ገባሁ። እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሰጠመ። አንድም ቀን አልጠረግሽውም! የሠላሳ ዓመት ቅጠል በቅጠል ላይ ተኝቶ አፈሩ ጠቁሮና ለስልሶ እንደ ዳቦ ይቆረሳል። ሰሞኑን ከችግኝ ጣቢያ በጋሪ ያመጣሁት ዓይነት ፈርን እዚያ ማንም ሳይተክለው በቅሎ እስከ ጉልበቴ ደርሷል። ከግንዱ ሥር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ ከመቀመጥ ብዛት ለስልሷል። በሥሩ ስንጥቅ ውስጥ ደግሞ ጆሮው የተሰበረ ሰማያዊ ኩባያ። ያንን ኩባያ የት ደረሰ ብዬሽ ተሰብሮ ተጣለ ብለሽኝ ነበር።

ተቀመጥሁ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ቤቱ አይታይም። ተነሥቼ ወደ ማንበቢያ ክፍሌ ሄድሁና በመስኮቱ አየሁ። ሁሉም ይታያል፤ በሩ፣ ገመዱ፣ ግንቡ፣ ሁለቱ ዝግባዎች። ከመስኮቴ የማይታይ አንድ ስፍራ ብቻ አለ።

ምናልባት ነፋስ ስለማይደርስበት መርጠሽው ይሆናል። ግን በዚህ ጓሮ ነፋስ ነፍሶ አያውቅም።

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

በዚያ መስኮት ስንት ጊዜ ተጣርቻለሁ? «የት ነሽ?» ስልሽ «እዚሁ ነኝ» ትዪኝ ነበር። እዚሁ ማለት የት እንደ ሆነ ጠይቄሽ አላውቅም።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

የችግኝ ጣቢያዋ ባለቤት ራሷ ችግኝ ጭና መጣች። ከግንቦት ጀምሮ የነደፍሁትን የጓሮ ሥዕል አሳየኋት፤ አግዳሚ ወንበሩ በመስኮቴ ፊት ለፊት፣ በመካከሉ ላይ ነው።

«ማን ነው የሚቀመጥበት?» አለችኝ።

«ባለቤቴ።»

«እሳቸው የት ይወዳሉ?»

ተነሥቼ ከዋርካው ጀርባ ወሰድኋት። ድንጋዩንም ኩባያውንም አየች። ያቺ ለፍላፊ ሴት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እሳቸው እኮ ሠርተው ጨርሰውታል። እኛ ከዚህ ወደ ውጭ ማስፋት ነው እንጂ ሌላ ሥራ የለንም» አለች።

ከአንቺ አፈር በሁለት እጄ እየዘገንሁ በተቀረው መሬት ላይ በተንሁት፤ እንደ እርሾ ነው አለችኝ። ድንጋዮቹን በኮቴሽ ላይ አስቀመጥሁ፤ የሚታጠፍበትም ቦታ አጠፍሁት። አግዳሚውን ትቼዋለሁ። ቁመታም ችግኞቹን በመስኮቴ ፊት ተከልኋቸው።

«አባባ፣ እነዚህ ሲያድጉ መስኮትዎን ይጋርዱታል» ብላ አስጠነቀቀችኝ።

«ይጋርዱት» አልኋት።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

በችኮላ። ፈርኑ እንደ ተጠቀለለ ጣት ሆኖ ወጥቶ ነበር፤ ዛሬ ተዘረጋ። ነጩ አበባ ሁለት። ከዚህ በፊት ያላየኋት ወፍ ቅጠሉን በእግሯ እየገላበጠች ትል ስትለቅም አረፈደች። ለቅጠል ጋሪ ሲባል የጓሮው በር ተከፈተ፤ ቁልፉ ዝጎ በመዶሻ ነው የተላቀቀው። ልብስ ሰፊው በዚያው ገብቶ ከዝግባው ሥር ተቀመጠ። «የኔታ፣ እዚህማ ሰው ሐሳቡን ይረሳል። እትዬ ካልመጡ እኔ ጠቅልዬ እገባለሁ» አለ። ከአፉ እንደ ወጣ ደነገጠና ጫማውን ማየት ጀመረ። እኔ ግን ሳቅሁ።

ነሐሴ 14፣ ረቡዕ

እሑድ የምነግርሽን በሦስት ገጽ አዘጋጀሁ። መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ። አረምሁት፤ በድጋሚም አረምሁት። በመጨረሻ ሳነብበው አንድም የምትናገሪበት ስፍራ አልተውሁልሽም።

ቀደድሁት።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ነገ እንዳትደክሚ ልብስሽን አስቀድሜ ልለይልሽ ብዬ ቁም ሣጥንሽን ከፈትሁ። የክረምቱ በአንድ በኩል፣ የበጋው በአንድ በኩል ተጣጥፎ ተቀምጧል። የሚለይ ነገር አላገኘሁም።

ዘጋሁት።

ነሐሴ 18፣ እሑድ

ከልጃችን ጋር መጣሽ፤ ሁለት ባዶ ሻንጣ ይዛችሁ። ጉልበትሽ ደህና ነው፤ ደረጃውን ሳትይዢ ነው የወጣሽው። ሰላምታ ተለዋወጥን። ከስተሃል አልሽኝ። አልከሳሁም ልል ነበር፤ እሺ አልሁ።

መኝታ ክፍል ገብተሽ ስታጣጥፊ እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የሻንጣውን ዚፕ ድምፅ ሰማሁ። አንደኛው ተዘጋ። ሁለተኛው ተዘጋ። ከዚያ ውኃ ልትጠጪ ወደ ወጥ ቤት አለፍሽ። በሩ ክፍት ነበረ። ብርጭቆውን እንደ ያዝሽ ቀረሽ።

የእያንዳንዱን ተክል ስምና ጠባይ ላስረዳሽ ተዘጋጅቼ ነበር። አንቺ ምንም ሳትጠይቂኝ ወጣሽ። ድንጋዮቹን ወደ ታች ሳታዪ ረገጥሻቸው፤ እግርሽ ሁሉንም ያውቃቸዋል። በገመዱ አጠገብ ታጠፍሽ። ከዋርካው ጀርባ ገባሽ። ከዚያ ወዲያ አላየሁሽም።

ልጃችን በክርኗ ነካችኝ። «አባዬ፣ ሂድና አናግራታ!»

«አልጠራችኝም» አልኋት።

ምን ያህል እንደ ቆየሽ አላውቅም፤ ሰዓቴን አላየሁም። ልጃችን ሻንጣዎቹን እየጎተተች ወደ መኪናው ወሰደቻቸው። እኔ ከወጥ ቤቱ በር አልተነቃነቅሁም። ከዛፉ በስተጀርባ ድምፅሽ መጣ፤ «ና» አልሽ።

በኮቴሽ ላይ ሄድሁ። ድንጋዩ ላይ ተቀምጠሻል። እኔ ከመሬት በወጣው የዋርካው ሥር ላይ ተቀመጥሁ፤ አይመችም።

«ቅጠሉን ማን ተወው?»

«እኔ።»

«አንተ?» ብለሽ ሳቅሽ። ሳቅሽን ከሰማሁ አራት ወር አልፎት ነበር። ከዚያ ፊትሽን ወደ ቤቱ አቅጣጫ መለስሽና፣ «መስኮቱስ?» አልሽ።

«ገና ነው። በሚመጣው ዓመት ጨርሶ ይጋረዳል።»

ሳቅሽ ቆመ። ኩባያውን በእጅሽ ታገላብጪ ነበር። የታሪኩን መጨረሻ ልጠይቅሽ ከንፈሬ ላይ ደርሶ ተውሁት፤ የአንቺ ነው፣ በፈለግሽ ቀን ትነግሪኛለሽ። ከላይ የዋርካው ቅጠል አንድ ሁለት እያለ ይወርዳል። አንዱ ትከሻዬ ላይ አረፈ፤ አላራገፍሁትም። የተነጋገርነው ይህን ያህል ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት በዚህ ቤት ስንኖር አብረን ዝም ያልንበት ቀን ይኖር እንደ ሆነ ሳስብ አንድም ላገኝ አልቻልሁም።

መኪናው ከውጭ ጥሩምባውን ነፋ። ተነሣሽ፤ ቀሚስሽን አራገፍሽ። ወደ ቤቱ አልተመለስሽም፤ በጓሮው በር ልትወጪ መረን ለቆ የወደቀውን ሐረግ በእጅሽ ገለል አደረግሽው። እስከዚያ ሸኘሁሽ። አትሂጂ ለማለት ቃል አላጣሁም፤ ቃል አጥቼ አላውቅም። ዝም ያልሁት ሳትጠየቂ የምትናገሪው ነገር እንዳለሽ ፊትሽ ላይ ስላየሁ ነው። መቀርቀሪያውን ይዘሽ ዞር አልሽና እንዲህ አልሽኝ፦

«የሚመጣው እሑድ እመጣለሁ። በዚህ በር ነው የምገባው፤ ቤቱን አትክፈትልኝ። አንተ ግን ብቅ በል።»